ከጥቁር ውሃ እስከ ወንዶ ገነት

ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል ምክንያት በማድረግ በሚታተመው በዚህ መጽሔት ላይ የታሪክ ክበብ አባሎች አንድ ጽሑፍ እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ፥ ብዙዎቻችን ስለ ላሊበላ ወይም ስለ አክሱም ለመጻፍ አስበን ነበር። የታሪክ መምህራችን አሳባችንን በትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ፥ «ላሊበላን በዓይኑ ያየ እጁን ያውጣ» አሉን። ከአሥራ አራታችን አንዱ ብቻ እጁን አወጣ፤ እርሱም ያየው በቴሌቪዥን እንደ ሆነ ኋላ ተጠይቆ አመነ። መምህራችንም ከጂኦግራፊ ክፍል ቁም ሣጥን ዳር ዳሩ የተቀደደ አንድ አሮጌ ካርታ አምጥተው በጠረጴዛ ላይ ዘረጉልንና፥ «እንግዲያው ከዚህ ላይ የማታውቁትን ነገር ፈልጉ፤ ከዚያም ሄዳችሁ እዩትና ስላያችሁት ጻፉ» ብለውን ወጡ።

ካርታው አያቶቻችን ጐልማሶች በነበሩበት ዘመን፥ ከአውሮፕላን በተነሣ ፎቶግራፍ መነሻነት የተዘጋጀ ነው። በምዕራብ በኩል ሐይቃችን እንደ ዛሬው ሰማያዊ ሆኖ ተዘርግቷል። ከተማይቱ በዳሩ ላይ ጥቂት ቀጥ ያሉ መስመሮች ናት፤ እኛ የምንኖርበት የአዲስ ከተማ ሰፈር የቱ ጋ እንደሚውል ለማመልከት ብቻ ግማሽ ሰዓት ያህል ተከራክረናል። ነገር ግን ክርክሩን ያስተወን ሌላ ነገር ነበር። ከከተማው በስተምሥራቅ፥ በጥቁር ውሃና በወንዶ ገነት ተራሮች መካከል፥ ሁለተኛ ሰማያዊ ቦታ አገኘን። በላዩም «ጨለለቃ ሐይቅ» የሚል ተጽፎበታል።

ከመካከላችን ይህን ሐይቅ ያየ ቀርቶ ስሙን የሰማ አልነበረም። በጥቂት ሰዓት መንገድ ላይ አንድ ሐይቅ ተኝቶ እኛ ሳናውቀው አሥራ ሰባት ዓመት ኖርን ማለት ነውን? አንዱ ጓደኛችን ነገሩን በቀላሉ ጨረሰው፤ «የማተሚያ ቤት ስሕተት ነው፤ ሰማያዊ ቀለም ፈሶባቸው ይሆናል» አለ። ሌላዋ ግን ቀለም ፈሶ ስም ሊጽፍ እንደማይችል አስረዳችው። በዚህ ጊዜ ሄዶ ከማየት በቀር ሌላ መንገድ አልቀረም።

እንዴት እንሂድ የሚለው ጥያቄ ተከተለ። በእግር እንዳይሆን መንገዱ ሩቅ ነው። በአውቶቡስ እንዳይሆን ደግሞ አውቶቡስ በሻሸመኔ ዞሮ ወደ ወንዶ ገነት ይገባል እንጂ ካርታው ላይ ሰማያዊ በሆነው ቦታ አያልፍም። ሐዋሳ የቢስክሌት አገር መሆኗን አንባብያን ያውቃሉ፤ ምድሯ ሜዳ ስለ ሆነ ሕፃን ሽማግሌው ይነዳል። ስለዚህ በቢስክሌት ለመሄድ ቆረጥን፤ ያውም ከአራቱ ሦስቱ የኤሌክትሪክ ቢስክሌቶች ነበሩ። በነዳጅ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነገር ሁሉ በየመንገዱ ይታያል፤ የኤሌክትሪክ ቢስክሌት ግን ለእኛ ለተማሪዎች ገና ብርቅ ነው። አንደኛውን የአንዲት ጓደኛችን አጎት፥ ዕቃ የሚያመላልሱበትን፥ ለአንድ ቀን አዋሱን። ሁለተኛው የፊዚክስ መምህራችን ነው። ሦስተኛው ተራ አሮጌ ቢስክሌት ሆኖ፥ አንድ ብልህ ጠጋኝ በኋላ እግሩ ላይ ሞተር ገጥሞለት ባትሪውን በጎማ ጠፍር አስሮለታል። አራተኛው ጓደኛችን ግን ከታላቅ ወንድሙ የወረሰው፥ ሞተር የሚባል ነገር የሌለው ቢስክሌት ብቻ ስለ ነበረው፥ «ምግብና ውሃ የምጭነው እኔ ነኝ፤ እናንተ ባትሪያችሁን ጠብቁ» አለ። በዚያን ጊዜ ስቀንበታል።

ለማያውቁ አንባብያን፥ የዚህ ቢስክሌት አሠራር እንዲህ ነው። በጎማው መካከል፥ ሽቦዎቹ ሁሉ በሚገናኙበት ቋት ውስጥ፥ የመዳብ ጥቅልና ማግኔት የያዘ ትንሽ ሞተር አለ። ባትሪው 36 ቮልትና 10 አምፔር ሰዓት ሲሆን፥ ሁለቱን ብናባዛ 360 ዋት ሰዓት ይሆናል። ይህን ለመሙላት ከግድግዳ ሶኬት ጋር አምስት ሰዓት ያህል ማቆየት ያስፈልጋል። በጥሩ መንገድ ላይ፥ ነጂው በእግሩ እየረዳው፥ ከ40 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። እኛ የምንሄደው ግን ደርሶ መልስ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ወንዶ ገነት ደርሰን ባትሪውን እንደ ገና መሙላት ግድ ነበር።

እኛ የፈራነው ሽቅቡን ነው። የፊዚክስ መምህራችን ግን ጠመኔ አንሥተው አሰሉልን። ነጂውና ቢስክሌቱ አንድ ላይ 90 ኪሎ ቢመዝኑ፥ 100 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት የሚያስፈልገው ኃይል 25 ዋት ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ይኸውም ከባትሪው ከአሥር አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። «ተራራውን አትፍሩ፤ ለስላሳውን አፈር ፍሩ» አሉን። ይህን ቃል በደብተራችን ጻፍነው እንጂ በልባችን አልጻፍነውም።

በጥር ወር፥ በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት፥ ከጧቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ከአዲስ ከተማ ተነሣን። የቁርስ ሻይ ገና እየተፈላ ነበር። አስፋልቱን ይዘን ወደ ሰሜን ስንወጣ ሞተሮቹ እንደ ንብ ቀስ ብለው ያዜማሉ እንጂ ጭስም ጩኸትም የላቸውም፤ ከባጃጆቹ ጋር እኩል ስንሮጥ አንዳንድ ሰው ዘወር ብሎ ያየን ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተዋልን። ከአገራችን ኤሌክትሪክ ከመቶ ከዘጠና እጅ በላይ የሚሆነው ከውሃ የሚገኝ ነው፤ ከጣልያን በተከፈለው የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ከተመረቀው ከቆቃ ግድብ ጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እስከ ተመረቀው እስከ ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ድረስ። ስለዚህ የጠፋ ውሃ ፍለጋ የምንሄደው በውሃ ኃይል ነበር ማለት ነው።

ከመንገዱ ጋር የከተማችንን ታሪክ በጥቂቱ እናንሣ። አባቶቻችን «አዋሳ» ብለው ይጽፏት የነበረችው ሐዋሳ ስሟን ያገኘችው ከሐይቁ ነው፤ ቃሉ በሲዳምኛ ሰፊ ማለት ነው። ከተማ ሳትሆን በፊት ቦታው አዳሬ ይባል ነበር፤ የሲዳማ ከብት አርቢዎች መንጋቸውን የሚያሰማሩበት ሜዳ ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትእዛዝ ከተማው ሲቈረቈር፥ ከጦር ሠራዊት በጡረታ የወጡ ሰዎች ቦታ ተሰጥቷቸው ሰፈሩ። ለእነርሱ የተሰጠው ሣር የማን ከብት ይበላው እንደ ነበረ የሚናገር ጽሑፍ ግን በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ፈልገን አላገኘንም፤ ይህን የሰማነው ከሽማግሌዎች አፍ ነው።

የሲዳሞ መናገሻ ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ነበር፤ ነገሩን በቅደም ተከተል ስናየው ደስ አሰኘን። ደጃዝማች ባልቻ የተቀመጡት በደጋው በሀገረ ሰላም ነው፤ ይህም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ብርዳም አገር ነው። ከዚያ በኋላ ራስ ደስታ ዳምጠው አገረ ገዢ ሲሆኑ መናገሻው ወደ ይርጋለም፥ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ወረደ። ጣልያን ይርጋለምን በኅዳር 1929 ዓ.ም. ያዘ፤ ራስ ደስታም እየተዋጉ ወደ ሰሜን ካፈገፈጉ በኋላ ተይዘው የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. በጠላት እጅ ተገደሉ። ከነጻነት በኋላ ደግሞ መናገሻው አንድ ደረጃ ወርዶ በሐይቁ ዳር ተቀመጠ። ይህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቀድሞ ሹማምንትና ወታደር ቆላውን የሚሸሹት ስለ ወባ ነበር። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቁሞ መርጫ መሣሪያ የያዙ ሠራተኞች በየጎጆው ሲዞሩ፥ መንገድም ሲሠራ፥ ከደጋ ይልቅ ሜዳው ተፈላጊ ሆነ። ዛሬም ሐዋሳ ሰኔ 11 ቀን 2012 ዓ.ም. የተመሠረተው የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ናት። ሥልጣን ከደጋ ወደ ሐይቅ እንደ ወረደ ሁሉ ውሃውም ከዚያው በኩል ይወርዳል፤ የውሃውን መንገድ ግን ማንም ሲጽፍልን አላየንም።

ጥቁር ውሃ ድልድይ ላይ ደርሰን ቆምን። ይህን ወንዝ ወደ አዲስ አበባ የሄደ ሁሉ ተሻግሮታል፤ ቆሞ ያየው ግን ጥቂት ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስለት ወንዝ ይህ አንድ ብቻ ነው። ከሐይቁ ደግሞ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለም፤ የገባው ውሃ ወደ ሰማይ ይተናል ወይም ወደ መሬት ይሰርጋል። ይህን ስንረዳ ወንዙ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ተራ ጉጉት አለመሆኑ ገባን። በሐይቁ ዳር ዓሣ የሚበላ፥ በዳሩ የሚዝናና፥ በመረብና በጀልባ የሚተዳደር ሁሉ የዚህ ጠባብ ወንዝ ጥገኛ ነው።

ከአስፋልቱ ወጥተን በእርሻና በግጦሽ መካከል የሚያልፈውን የጋሪ መንገድ ወደ ምሥራቅ ያዝን። እዚህ ላይ የፊዚክስ መምህራችን ቃል ተፈጸመ። የጥር አቧራ እንደ ዱቄት ነው፤ ጎማው እስከ ሽቦው ይሰምጣል፥ ሞተሩም ያቃስታል። አስፋልት ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ያልተንቀሳቀሰችው የባትሪ ምልክት በሃያ ደቂቃ ውስጥ ከአምስት ወደ ሦስት መስመር ወረደች። በጎማ ጠፍር የታሰረው ባትሪ ሁለት ጊዜ ወደቀ። ባለ ተራው ቢስክሌት ጓደኛችን ግን ቢስክሌቱን በትከሻው አንሥቶ ያልፈንና ከፊት ለፊት ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ይጠብቀን ነበር። ቢስክሌቶቻችን እያንዳንዳቸው 25 ኪሎ ያህል ስለሚመዝኑ እኛ በትከሻ የማንሣት ተስፋ አልነበረንም።

ካርታውን ዘርግተን በኮምፓስ እየመራን ሰማያዊው ቦታ መካከል ደረስን። ሐይቅ አልነበረም። ጥቁር አፈር እንደ ተሰበረ ሸክላ ተሰነጣጥቆ፥ በስንጥቁ ውስጥ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ነጭ ሆኖ ይታያል። ራቅ ብሎ ቄጠማና ደንገል የበቀለበት ረግረግ አለ፤ በዚያም ላይ ከብቶች እስከ ጉልበታቸው ገብተው ይግጣሉ፥ ነጫጭ ሳቢሳዎች ይከተሏቸዋል። በደረቁ በኩል የበቆሎ አገዳ ቆሟል። «ሐይቁ» መካከል ቆመን፥ ጫማችን ሳይርስ፥ ዳቦ በላን። የማተሚያ ቤት ስሕተት ነው ያለው ጓደኛችን ለጊዜው ደስ ብሎት፥ «አላልኳችሁም?» አለ። ነገር ግን የቀንድ አውጣው ቅርፊት ለእርሱ መልስ አልነበረውም።

መልሱን ያገኘነው እዚያው አጠገብ ከብት ሲጠብቁ ከነበሩ አንድ ሽማግሌ ነው። ከእኛ አንዷ እናቷ የዚህ አገር ተወላጅ ስለ ሆኑ በሲዳምኛ ሰላምታ ሰጠች፥ አስተረጐመችልንም። ካርታውን ስናሳያቸው ማንበብ ባይችሉም ሰማያዊውን አይተው ሳቁና በበትራቸው ምድሩን መቱ፤ «አባታችን፥ እዚህ ውሃ ነበረን?» ብንላቸው፥ በልጅነታቸው ከብት ይዘው ከወዲህኛው ዳር ወደ ወዲያኛው ለመድረስ ግማሽ ቀን ይዞሩ እንደ ነበር ነገሩን። ዛሬ የወንድማቸው ልጅ በዚያው ላይ በቆሎ ይዘራል። መቼ ጠፋ ብለን ጠየቅን። እርሳቸውም አንድ ቀን የጠፋ ነገር እንዳልሆነ፥ በየዓመቱ ዳሩ ጥቂት ጥቂት እየሸሸ፥ ውሃው እየቀጠነ፥ ከዚያ አንድ በጋ መጥቶ ከብቱ መካከሉን ተሻግሮ እንዳገኙት አስረዱ። ያን ቀን ያስታወሱት በዓመተ ምሕረት አይደለም፤ ከአንዲት ላም ጋር አያይዘው ነው። ላሚቱ ጭቃ ውስጥ ሰጥማ ሰባት ሰው ጎትቶ አወጣት።

ከዚያ በኋላ መምህሮቻችንን ጠይቀን ከምሁራን ጥናት እንደ ተረዳነው የሽማግሌው ነገር ከሰማይ ከተነሣው ፎቶግራፍ ጋር ይስማማል። ጨለለቃ በ1965 ዓ.ም. ገደማ ከ11 እስከ 12 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ሐይቅ ነበር። በ1992 ዓ.ም. ገደማ ግን ጭቃና ረግረግ ሆኗል። እንግዲህ ካርታውም አልዋሸም፥ ምድሩም አልዋሸም። የታሪክ መምህራችን እንዳሉት፥ ካርታ የአንድ ቀን ምስክር ነው።

ጉዟችንን ወደ ወንዶ ገነት ስንቀጥል ምክንያቱን በዓይናችን አየነው። ሸለቆው የተፈጠረው በጥንት ዘመን ታላቅ እሳተ ገሞራ ከፈነዳ በኋላ መሬቱ ወደ ውስጥ ሰምጦ ነው። የወንዶ ገነት ተራሮች የዚያ ጎድጓዳ ምሥራቃዊ ግድግዳ ሲሆኑ ሐዋሳ ደግሞ በወለሉ ላይ ናት። ከግድግዳው የሚወርዱት ወሻና ወርቃ የሚባሉት ወንዞች፥ ሌሎችም ጅረቶች፥ ሁሉም ወደዚህ ሜዳ ይገባሉ። ውሃው በጨለለቃ ይጠራቀምና የያዘውን አፈር እዚያ አስቀምጦ፥ ጠርቶ በጥቁር ውሃ በኩል ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ይገባ ነበር። እናት ጠላን እንደምታጠል ሁሉ ጨለለቃ ለትልቁ ሐይቅ ማጥለያው ነበር ማለት ነው።

ተራሮቹ ግን ተራቁተዋል። በሐዋሳና በዙሪያው ባለው ሰፊ አገር በ1964 ዓ.ም. ገደማ ከመሬቱ ከመቶ 16 እጅ የሚሆነው የተፈጥሮ ደን ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. ገደማ የቀረው ከመቶ 2.8 እጅ ብቻ መሆኑን ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ዛፍ ሲጠፋ ዝናቡ አፈሩን ጠርጎ ያወርዳል፤ አፈሩም ማጥለያውን ሞላው። በዚያ ላይ ለመስኖ የሚጠለፈው ጅረት በዛ፤ በወንዶ ገነት ቀድሞ እንሰትና ቡና፥ ሸንኮራ አገዳም የነበረበት ማሳ ዛሬ ብዙው ጫት ነው። ስለ ጫቱ በመካከላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዱ ጓደኛችን ገበሬውን ወቀሰ። የአስተርጓሚያችን መልስ ግን፥ «አጎቴ ሦስት ልጆች ትምህርት ቤት የላኩት በጫት ገንዘብ ነው፤ በእንሰት ማን ደብተር ይሸጥላቸዋል?» የሚል ነበር። ይህን የሚመልስ ሰው አልተገኘም፤ እኛም እስከ ዛሬ መልስ የለንም።

ነገሩን የባሰ እንቆቅልሽ ያደረገው ትንሹ ሐይቅ ሲደርቅ ትልቁ ሐይቅ መሙላቱ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የሐዋሳ ሐይቅ ከልኩ አልፎ በዳሩ ያለውን ቤትና ማሳ አስጨንቋል፤ ዛሬ ወጣቶች አመሻሽ ላይ የሚንሸራሸሩበት የሐይቁ ዳር ግድብ ለመዝናኛ የተሠራ የሚመስለን እኛ ዘግይተን ስለ ተወለድን ነው። ለሐይቁ መሙላት ምሁራን ከአንድ በላይ ምክንያት ይሰጣሉ። ከነዚህ አንዱ ተራሮቹ ከተራቆቱ ወዲህ ውሃው ወደ መሬት መስረጉን ትቶ በጎርፍ መውረዱ፥ በመንገዱም ላይ የሚያቆየው ጨለለቃ አለመኖሩ ነው። በአገራችን የሐይቅ መድረቅ አዲስ ነገር አይደለም፤ የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ደርቆ፥ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውሃ ተመልሶ ታይቶበታል። በማዕከላዊ እስያ ያለው የአራል ባሕር ጥፋት በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው። የእኛው ጨለለቃ ግን የጠፋው በጸጥታ ነው፤ እኛ በጎረቤቱ ያለነው እንኳ አልሰማንም።

ወንዶ ገነት ስንደርስ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ስለ ቦታው ብዙ ስለ ተጻፈ አናበዛም። ፍል ውሃው ከተራራው ሥር ይፈልቃል፤ ከአጠገቡ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የተሠራው ማረፊያ ቤት አለ፤ እርሱም ከአብዮቱ በኋላ ሆቴል ሆኗል። ጉሬዛዎች በዛፉ ላይ ይዘላሉ። በ1970 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት እርዳታ የተመሠረተውና ዛሬ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የደን ኮሌጅም እዚያው ነው። ከተራራው ደን የተረፈው ጥቂት ክፍል በዚያ አካባቢ በመታየቱ፥ እንጨት መትከልን የሚያስተምር ትምህርት ቤት ለምን እዚህ እንደ ተመሠረተ ያለ ገላጭ ይገባል። ከጥላው ስንገባ ብርዱ ወዲያው ተሰማን፤ ከታች ካለው አቧራ ጋር ስናስተያየው አያቶቻችን ሸለቆው እንዲህ ነበር የሚሉትን ለመጀመሪያ ጊዜ አመንን።

ባትሪዎቻችንን ለመሙላት ወደ አንድ ቤት ገባን፤ የአስተርጓሚያችን አክስት ቤት ነው። አክስቷ ገና ጫማችንን ሳናወልቅ ዋሳ ከእርጎ ጋር አቀረቡልን፥ ሦስቱን ባትሪዎች በአንድ ማከፋፈያ ገመድ ላይ ሰካን። አርባ ደቂቃ ያህል እንደ ቆየ መብራት ጠፋ። «ይመጣል» አሉን። ቡና ተቆላ፥ አንደኛውም ሁለተኛውም ሦስተኛውም ተጠጣ፤ መብራቱ አልመጣም። እኛ በተጨነቅን ቁጥር አክስት «ልጆቼ፥ እዚሁ እደሩ» ይሉናል፤ ለወላጆቻችን የገባነው ቃል ግን ከመምሸቱ በፊት ለመመለስ ነበር። በመጨረሻ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል፥ ሁለቱ ባትሪዎች ግማሽ ያህል፥ በጎማ የታሰረው ግን ከሩብ በታች ሆነው ተነሣን።

ስንመለስ ቁልቁል ስለ ሆነ መጀመሪያ ጥሩ ሄድን። አቧራው ላይ ስንደርስ ሦስተኛው ሞተር ዝም አለ፤ ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ ሁለተኛው ተከተለው። ያለ ሞተር ይህን ያህል ክብደት በፔዳል ማሽከርከር በሬን በእጅ እንደ መጎተት ነው። ባለ ተራው ቢስክሌት ጓደኛችን አንድ ቃል ሳይናገር ገመድ አውጥቶ አንዱን አሰረና ይጎትት ጀመር። እውነቱን ለመናገር፥ አንድ ቃል ቢናገር ይሻለን ነበር።

ጥቁር ውሃ ድልድይ ላይ ስንደርስ ፀሐይ ከሐይቁ በላይ ወርዳ ነበር። ጧት ያየነውን ውሃ እንደ ገና አየነው። ጧት «ጥቁር» ያልነው አሁን የአፈር መልክ ነበረው፤ የመጣበትን ሸለቆ አይተን ስለ ተመለስን ይሁን ወይም ብርሃኑ ተለውጦ፥ አንስማማም። አንዷ ጓደኛችን በፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድታ ይዛ መጣች። ጠርሙሱ በክፍላችን መስኮት ላይ ሦስት ቀን ቆመ። በአራተኛው ቀን ላዩ ጠርቶ፥ ታቹ የትንሽ ጣት ውፍረት ያህል ጭቃ ያዘ።

በሚቀጥለው ሳምንት መምህራችን ካርታውን በስስ ወረቀት ላይ እንድንገለብጥ አዘዙን። የጨለለቃን ዳር በነጠብጣብ መስመር ሣልነው፤ በመካከሉ ሽማግሌው ያሳዩንን የበቆሎ ማሳ፥ ላሚቱ የሰጠመችበትን ቦታ፥ ባትሪዎቹ ያለቁበትንም ሁለት ስፍራ አመለከትን። ባትሪዎቹ ታሪክ አይደሉም ያለ ነበር፤ በድምፅ ተሸነፈ። ሐይቁን ግን ምን ቀለም እንቀባው በሚለው አልተስማማንም፤ ግማሾቻችን ሰማያዊ ይሁን አልን፥ ግማሾቻችን አረንጓዴ። ወረቀቱ ሳይቀባ፥ የሄድንበት ቀን ተጽፎበት፥ ከአሮጌው ካርታ ጋር አንድ ላይ ተጠቅልሎ በጂኦግራፊ ክፍል ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል።